ጀማሪ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ቴክኖሎጂውን ከየት ይጀምር?

የቤተ መጻሕፍት የሥራ ማስታወቂያ አሁን አሁን የቴክኖሎጂ ስም ዝርዝር ሆኗል፦ ኮሃ (የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር)፣ ዲስፔስ (የዲጂታል ሰነድ ማከማቻ ሶፍትዌር)፣ አርኤፍአይዲ (መጽሐፍን በሬዲዮ ሞገድ የሚለይ ታግ)፣ ሰሞኑን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። አዲስ ተመራቂ ይህን ሲያይ የእያንዳንዱን ሶፍትዌር ቁልፍ ለመሸምደድ ይሮጣል። ቁልፎቹ ግን ቦታቸው አይጸናም። ኮሃ ብቻውን በየዓመቱ ግንቦትና ኅዳር ላይ አዲስ ዋና እትም ያወጣል።

የሚጸናው ከሥር ያለው መዝገብ፣ ማለትም የእያንዳንዱ መጽሐፍ መግለጫ ነው። ማርክ የተባለውን የመዝገብ ቅርጽ ሄንሪዬት አቭራም በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲነድፉ መረጃ የሚጓዘው በማግኔት ቴፕ ነበር። ቴፑ ቀረ። የካታሎግ ካርድ ለዓለም ያቀርብ የነበረው ኦሲኤልሲ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 የመጨረሻውን ካርድ አትሞ አበቃ። ኮሃ ራሱ የተወለደው አንድ የኒው ዚላንድ ቤተ መጻሕፍት የነበረው አሮጌ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. ወደ 2000 መሻገር ስለማይችል ነው። ማርክ ግን ይኸው በሥራ ላይ ነው። ይተካዋል የተባለው ቢብፍሬም ሲመጣም ወደ እሱ የሚሻገረው ይኸው የማርክ መዝገብ ነው፤ የተበላሸው እንደተበላሸ ይሻገራል።

ስለዚህ የምንመክረው ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ መዝገብ፣ ቀጥሎ ሰንጠረዥ፣ ከዚያ ሶፍትዌር፣ ዕቃው መጨረሻ። በሳምንት 8 ሰዓት ያህል ለሚመድብ ሰው ሦስት ወር ይበቃል። ፕሮግራሚንግ በዚህ ጊዜ ውስጥ የለም፤ ይቆይ።

አንድ መጽሐፍ በእርሳስ

ከመደርደሪያ አንድ መጽሐፍ ያውርዱና መዝገቡን ወረቀት ላይ በእጅ ይጻፉ። ለመነሻ ሰባት ፊልድ (የመዝገቡ ክፍል) ይበቃል፦ 020 ለአይኤስቢኤን (ለመጽሐፉ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር)፣ 082 ለዲዊ ቁጥር (መጽሐፉ በትምህርት ዘርፍ ለሚመደብበት ቁጥር)፣ 100 ለደራሲ፣ 245 ለርዕስ፣ 264 ለታተመበት ቦታ፣ ለአሳታሚውና ለዓመቱ፣ 300 ለገጽ ብዛትና ለቁመት፣ 650 ለርዕሰ ጉዳይ። ርዕሱን ከሽፋኑ አይውሰዱ፤ ከውስጠኛው የርዕስ ገጽ ይውሰዱ። ሽፋን ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ለዓይን እንዲያምር ያጠረ ነው። ቁመት በሴንቲ ሜትር ይጻፋል፣ ሁልጊዜም ወደ ላይ ይጠጋጋል፤ 21.3 የለካው መጽሐፍ 22 ነው።

245 ላይ ትንሽ ይቆዩ፤ ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሰብፊልድ ኤ ዋናውን ርዕስ፣ ቢ ንዑስ ርዕሱን፣ ሲ ደግሞ የደራሲውን ስም በርዕስ ገጹ ላይ እንደሰፈረው ይይዛል። ከነሱ በፊት ሁለት ጠቋሚ ቁጥሮች አሉ። ሁለተኛው ቁጥር ለኮምፒዩተሩ «በፊደል ተራ ስትደረድር ከመጀመሪያው ይህን ያህል ሆሄ ዝለል» ይላል። እንግሊዝኛ ርዕስ «ዘ» በሚለው ቃል ሲጀምር ሦስቱ የላቲን ፊደሎቹና ክፍት ቦታው ተደምረው 4 ይሆናል። በአማርኛ እንዲህ ያለ መስተአምር ስለሌለ ቁጥሩ 0 ነው። ከእንግሊዝኛ መዝገብ ቀድቶ የሚሠራ ሰው 4ቱን ረስቶት ሲያልፍ ምን እንደሚሆን እንይ። «የዝናብ ወቅት» የሚል ርዕስ ቢኖር የ፣ ዝ፣ ና፣ ብ ይዘለላሉ፤ መጽሐፉም «ወ» ሥር ገብቶ ይቀመጣል። አንባቢው «የ» ሥር ፈልጎ ሲያጣ «የለም» ብሎ ይሄዳል። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ርዕሱ ምንም ሳይጎድለው ይታያል፤ ስሕተቱ ዓመታት የሚቆየውም ለዚህ ነው።

100 ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ጠቋሚ 1 ከሆነ ስሙ በቤተሰብ ስም ይጀምራል ማለት ነው፤ 0 ከሆነ በራሱ ስም። አበበ ከበደ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ከበደ አባቱ ነው። ስለዚህ 0 ተደርጎ «አበበ ከበደ» ተብሎ ይገባል። ከሌላ ቤተ መጻሕፍት የተቀዳ መዝገብ አንዳንዴ «ከበደ፣ አበበ» ብሎ ይመጣል። ካልታረመ የአንድ ደራሲ ሥራ ግማሹ «አ» ሥር፣ ግማሹ «ከ» ሥር ይሆናል።

ከዚያ ሊደር የሚባለውን የመዝገቡን ራስጌ ይመልከቱ። 24 ሆሄ አለው። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር 9ኛው ቦታ የሚባለው በጣት ሲቆጠር አሥረኛው ነው። እዚያ ላይ የላቲኗ «ኤ» ትንሿ ፊደል ካለች መዝገቡ የግዕዝንም ፊደል በሚይዘው በዩኒኮድ ተጽፏል ማለት ነው። ባዶ ከሆነ ሶፍትዌሩ ማርክ-8 በተባለው አሮጌ አጻጻፍ ያነበዋል፤ ማርክ-8 ደግሞ የግዕዝ ፊደልን ጨርሶ አያውቅም። የአማርኛ መዝገብ አስገብተው ዝብርቅርቅ ምልክት ከመጣ መጀመሪያ የሚታየው ይህች ቦታ ናት።

ለኮምፒዩተር «ሐ» እና «ሀ» ዘመድ አይደሉም

አንባቢ ፀሐይን፣ ጸሐይን፣ ፀሀይን እንደ አንድ ቃል ያነባል። ኮምፒዩተሩ ግን እንደ ሦስት። ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተመጻሕፍት፣ ቤተ መጽሐፍትም እንደዚሁ ናቸው። ሶፍትዌሩ ሞክሼ ሆሄያትን አንድ እንዲያደርግ ካልተስተካከለ መፍትሔው የመዝጋቢው ነው። 245 ላይ ርዕሱ በመጽሐፉ እንደታተመ ይጻፋል፤ የእኛ ምርጫ አይደለም። ሌላው አጻጻፍ፣ ቃሉ ተያይዞ ወይም ተለያይቶ የሚጻፍበትም ጭምር፣ 246 ላይ ይጨመራል። ሰው ሁሉንም ዓይነት አይፈልግም፤ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። 100 እና 650 ግን ሌላ ነገር ናቸው፤ እዚያ አንድ ቅርጽ ተመርጦ በስምምነት መዝገብ ይያዛል፣ ሁሉም ሠራተኛ እሱን ብቻ ይጠቀማል። «ታሪክ» እና «ታሪኮች» ጎን ለጎን የሚኖሩበት ካታሎግ ሁለት ሰው ሳይነጋገር የሠራው ካታሎግ ነው።

ሰንጠረዡን ማጽዳት

በብዙ ቦታ የመጻሕፍት ዝርዝር ያለው ኤክሴል ላይ ነው። ለልምምድ 500 ረድፍ ይውሰዱ፤ ከዚያ ካነሰ ስሕተቱ ዓይነቱን አያሳይም፣ ከበዛ ደግሞ ይሰለቻል።

ገና አንድ ቁጥር ሳይገባ የባርኮድና የአይኤስቢኤን ዓምዶችን ወደ «ጽሑፍ» ዓይነት ይቀይሩ። ይህ ካልተደረገ 000417 ወደ 417 ይለወጣል፤ መጽሐፉ ላይ የተለጠፈው 000417 ሲነበብ ሲስተሙ «የለም» ይላል። 13 አሃዝ ያለው አይኤስቢኤን ደግሞ በነጥብና በ«+12» አጥሮ ይታያል፤ ፋይሉ እንደዚያው ወደ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ የጽሑፍ ፋይል) ከተቀመጠ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ጠፉ ማለት ነው። በኋላ ዓምዱን ወደ ጽሑፍ መለወጥ የጠፋውን አይመልስም።

አይኤስቢኤን ትክክል መሆኑን ለማወቅ መጽሐፉን ማምጣት አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹን 12 አሃዞች ተራ በተራ በ1 እና በ3 እያባዙ ይደምሩ፤ ድምሩ ወደ ቀጣዩ አሥር ለመድረስ የሚጎድለው የመጨረሻው አሃዝ ነው። 9780306406157ን እንውሰድ። 9፣ 21፣ 8፣ 0፣ 3፣ 0፣ 6፣ 12፣ 0፣ 18፣ 1፣ 15 ሲደመሩ 93 ይሆናሉ፤ እስከ 100 የሚጎድለው 7 ነው፣ መጨረሻውም 7 ነው። ቀመሩን በአንድ ዓምድ ጽፎ ወደ ታች መጎተት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 በፊት የታተሙት መጻሕፍት 10 አሃዝ ያለው ቁጥር ስላላቸው በሌላ ስሌት ይፈተሻሉ፤ መጨረሻቸው ላይ የላቲን «ኤክስ» ቢያዩ ስሕተት አይደለም፣ አሥርን የሚወክል ነው።

ተመሳሳይ ስሞችን ለመያዝ ኦፕንሪፋይን የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሁነኛ ነው። ሆኖም ስለ ሞክሼ ሆሄያት አያውቅም። የደራሲውን ዓምድ ቅጂ ይሥሩና በቅጂው ላይ ብቻ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይለውጡ። በሰባቱም ድምፅ መሆን አለበት፤ አምስት ሆሄ በሰባት 35 ለውጥ ነው። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ማድረጉንም አይርሱ። ከዚያ በቅጂው ዓምድ ያሰባስቡ፣ ውሳኔውን በዋናው ዓምድ ይጻፉ። ዋናውን በጅምላ መለወጥ ኃጢአት ነው፤ ሰው ስሙን ራሱ በመረጠው ፊደል ነው የሚጽፈው።

ሰንጠረዡን ወደ ማርክ የሚለውጠው ማርክኤዲት ነው፣ እሱም በነጻ ይገኛል። ዓምዶቹን በኮማ ሳይሆን በታብ ለይተው ያስቀምጡ፤ ርዕስ ውስጥ ኮማ ካለ ዓምዱ ይሰነጠቃል። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 (በዩኒኮድ አጻጻፍ) መቀመጡን ያረጋግጡ። ካልሆነ አማርኛው በጥያቄ ምልክት ይተካል፤ አንዴ «????» ሆኖ ከተቀመጠ የሚመልሰው የለም፣ ከዋናው እንደገና መጀመር ነው። ሌላው የተለመደ ጥፋት የቅጂዎች ነው። አንድ መጽሐፍ አምስት ቅጂ ካለው በሰንጠረዡ አምስት ረድፍ ይዟል፤ እንዳለ ከተቀየረ አምስት መዝገብ ይወጣል። መሆን ያለበት አንድ መዝገብ፣ ሥሩ አምስት 952 ፊልድ ነው። ኮሃ የእያንዳንዱን ቅጂ ባርኮድ 952 ፒ ላይ፣ ኮል ነምበሩን (የመደርደሪያ ቁጥሩን) 952 ኦ ላይ ይጠብቃል።

ኮሃን በገዛ ኮምፒዩተር

መሥሪያ ቤቱ ሰርቨር እስኪገዛ አይጠብቁ። ደቢያን የተባለ ሥርዓተ ክወና የተጫነበት ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒዩተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒዩተር)፣ 4 ጊጋባይት ራምና 40 ጊጋባይት ዲስክ ለልምምድ ይበቃል። ተጭኖ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የማሽኑን ቅጽበታዊ ቅጂ ይያዙ፤ ሲበላሽ በደቂቃ ይመለሱበታል፣ እንደሚበላሽ ደግሞ አይጠራጠሩ።

የቅንብሩ ተራ ይህ ነው፦ የቤተ መጻሕፍቱ መለያ ኮድ፣ የቁሳቁስ ዓይነት፣ የአንባቢ ምድብ፣ በመጨረሻ የማዋሻ ደንብ። የመጨረሻው ካልተጻፈ ኮሃ ምንም አያውስም፤ ለጀማሪ ግራ የሚያጋባው «አይፈቀድም» የሚል መልእክት ምንጩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። መጀመሪያ ለሁሉም ምድብና ለሁሉም ዓይነት የሚሠራ አንድ ጥቅል ደንብ ያስገቡ፣ ለየት ያሉትን ከዚያ ይጨምሩ።

መዝገብ ሲገባ መጀመሪያ 10፣ ቀጥሎ 50፣ ከዚያ ሁሉም። ኮሃ ፋይሉን በማቆያ ቦታ አስቀምጦ ያሳያል፤ ካስገቡም በኋላ ያንኑ ጥቅል መልሶ ማውጣት ይቻላል። የቤተ መጻሕፍቱ ኮድ በሰንጠረዡና በኮሃ ውስጥ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። ባርኮድ ከተደገመ ሁለተኛው ቅጂ አይገባም፤ ስለዚህ በማስገቢያው ሪፖርት ላይ ያለውን ቁጥር ከሰንጠረዡ ረድፍ ብዛት ጋር ያስተያዩ።

«5000 መዝገብ አስገባሁ፣ ስፈልግ አንድም አይመጣም» የሚለው ጭንቀት የተለመደ ነው። መዝገቡ አለ። የፍለጋ ማውጫውን የሚሠራው ዜብራ ወይም ኢላስቲክሰርች ገና አልደረሰበትም ወይም ቆሟል። ማውጫውን እንደገና ማስገንባት እንጂ መዝገቡን ደግሞ ማስገባት አይደለም መድኃኒቱ፤ ደግሞ ያስገባ ሰው 10,000 ይዞ ይቀራል።

መጠባበቂያ ቅጂን በተመለከተ ጥያቄው «ይያዛል ወይ?» አይደለም፤ «ተመልሶ ይሠራል ወይ?» ነው። ሁለተኛ ቨርቹዋል ማሽን ይክፈቱ፣ ቅጂውን እዚያ ይመልሱ፣ አንድ መጽሐፍ ያውሱ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ሰርቨር የወደቀ ቀን አለቃዎ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው።

ባርኮድና አርኤፍአይዲ

የባርኮድ ስካነር ለኮምፒዩተሩ እንደ ኪቦርድ ነው፤ ያነበበውን ይተይባል። ባርኮዱ ከፊቱ የላቲን ፊደል ካለውና የአማርኛ መጻፊያው ክፍት ከሆነ ፊደሉ ወደ ግዕዝ ተለውጦ ይገባል፣ መጽሐፉም «አይታወቅም» ይባላል። ቁጥር ብቻ ያለው ባርኮድ መምረጥ ከዚህ ያድናል። በብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራበት ባለ 14 አሃዝ ኮዳባር የተባለ የባርኮድ ዓይነት የመጀመሪያው አሃዝ 2 ሲሆን የአንባቢ፣ 3 ሲሆን የመጽሐፍ ነው፤ መጨረሻው መፈተሻ ነው።

ሌብል ሲታተም የማተሚያው መጠን 100% ይሁን። «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለው ከተመረጠ የመጀመሪያው ረድፍ ልክ ይመጣል፣ ወደ ታች ሲወርድ ግን እየተንሸራተተ መጨረሻው ላይ ባርኮዱ በሁለት ሌብል መካከል ይቆረጣል። መጀመሪያ በተራ ወረቀት ያትሙ፣ ከሌብሉ ወረቀት ጋር ደርበው ወደ ብርሃን ይያዙት። ከመስመሮቹ ግራና ቀኝ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነጭ ቦታ ይተው፤ ያለ እሱ ስካነሩ መጀመሪያና መጨረሻውን አይለይም። የሌዘር ማተሚያ ይሻላል፣ የኢንክጄት ቀለም በእጅ ላብ ይላቀቃል።

የቤተ መጻሕፍት አርኤፍአይዲ በአብዛኛው በ13.56 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ጠላቱ ብረት ነው፦ የብረት መደርደሪያ ጠርዝ፣ የብርና የወርቅ ቀለም ያለው ሽፋን፣ ሲዲ። ቀጫጭን መጻሕፍት ላይ ታጉ ሁሉም አንድ ቦታ ከተለጠፈ ተደራርበው ይጋረዳሉ፤ በሦስት የተለያየ ከፍታ እያፈራረቁ ይለጥፉ። ታጉ ውስጥ የመጽሐፉ መለያ ቁጥር ይበቃል፣ የአንባቢ ስም ፈጽሞ አይጻፍም። ሻጭ ሲመጣ አይኤስኦ 28560ን ይደግፍ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልደገፈ ነገ ሌላ ድርጅት የሠራው ማሽን ታጎቹን ላያነብ ይችላል።

ዲጂታል ስለማድረግ

ማቀድ የሚጀምረው ከዲስክ ስሌት ነው። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2480 በ3508 ነጥብ ነው፤ በሙሉ ቀለም ሳይጨመቅ 26 ሜጋባይት ይሆናል። ባለ 200 ገጽ መጽሐፍ 5 ጊጋባይት አለፈ ማለት ነው፣ ያውም አንዱ ቅጂ። ዋናው በቲፍ የምስል ፋይል ተቀምጦ ለአንባቢ የሚሰጠው ፒዲኤፍ ከእሱ ይወጣል። የፋይል ስም ላይ አማርኛም ክፍት ቦታም አይግባ፤ የመጽሐፉ ባርኮድና ባለ አራት አሃዝ የገጽ ቁጥር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ፋይል ቼክሰም (ከይዘቱ የሚሰላ መፈተሻ ቁጥር) ይያዝ፤ ዲስክ ድምፅ ሳያሰማ የሚያበላሸውን ፋይል የሚያጋልጠው እሱ ብቻ ነው። የገጽ ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ቴሰራክት አማርኛ ማንበብ ይችላል፣ ግን ጎን ለጎን የሚመሳሰሉ ሆሄያትን ያምታታል፤ ለፍለጋ ይሁን እንጂ ሳይታረም ለጥቅስ አይሁን።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጠረጴዛዎ ላይ

ለርዕሰ ጉዳይ ሐሳብ ማመንጫ ይጠቅማል፤ ለዲዊ ቁጥር ግን አይመኑት። የሚመስል ቁጥር ይሰጣል፣ በዲዊው ሠንጠረዥ ላይ ሲታይ ሌላ ትምህርት ሆኖ ይገኛል። አንባቢ ከቻትቦት የተገኘ የማጣቀሻ ዝርዝር ይዞ ሲመጣ ርዕሱን ብቻ ፈልገው «የለም» አይበሉ። መጽሔቱ አለ? ያ ቅጽ በዚያ ዓመት ወጥቷል? ገጾቹ በዚያ ቅጽ ውስጥ ይገባሉ? ዲኦአዩ (የጽሑፉ ቋሚ የኢንተርኔት መለያ) ሲከፈት የሚመጣው ጽሑፍ ያው ነው? እውነተኛ ደራሲ፣ እውነተኛ መጽሔት፣ ያልተጻፈ ጽሑፍ፤ የፈጠራ ማጣቀሻ አብዛኛውን ጊዜ መልኩ ይህ ነው። የአንባቢ ስምና የተዋሰውን ዝርዝር እንዲህ ባለ መሣሪያ ውስጥ ማስገባት አይገባም።

ወደ የትኛው ሥራ?

ከሦስት ወር በኋላ ዝንባሌዎ ይታወቃል። የ245 ጠቋሚ ቁጥር ያስደሰተው ሰው ለሜታዳታ (ለመዝገብ) ሥራ ነው። መጠባበቂያ ቅጂ መመለስ የወደደ ለሲስተም። የኢ-ሪሶርስ (የኤሌክትሮኒክ መጽሔትና መጽሐፍ) ሥራ ብዙዎች የማያስቡት ነው፤ ውል ማንበብ፣ የአጠቃቀም ቁጥር መከታተል፣ የተሰበረ ሊንክ ማሳደድ ነው። ከግቢ ውጭ ያለ ተማሪ «ክፈል» የተባለበት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የተከፈለበት ነው፤ ሊንኩ ላይ የፕሮክሲው (ከግቢ ውጭ ያለን ተማሪ የሚያስገባው ሰርቨር) መነሻ ስላልተጨመረ ብቻ ነው። ፊት ለፊት ከሰው ጋር መሥራት የሚወድ ሰው ሪፈረንስና ሥልጠና ላይ ይበረታል፤ የማጣቀሻ ፍተሻው እዚያ የዕለት ሥራ ሆኗል።

ከዚህ በኋላ ኤስኪውኤል (የመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋ) ይማሩ፤ ኮሃ ላይ ሪፖርት ለማውጣት 10 ሰዓት ያህል ልምምድ ያስጀምራል። ግን «በሦስት ዓመት ያልተዋሰ» የሚል ሪፖርት ይዘው መጽሐፍ ለማስወገድ አይጣደፉ። እዚያው ተቀምጠው የሚያነቡት መጽሐፍ በውሰት ቁጥር አይታይም። ጠረጴዛ ላይ የተተዉትን መጻሕፍት ወደ መደርደሪያ ከመመለሳቸው በፊት ለሁለት ወር በስካነር ያስነብቡ፣ ከዚያ ዝርዝሩን እንደገና ይዩት።

ለቅጥር ሲቀርቡ ከምስክር ወረቀቱ ጋር ሁለት ገጽ ያያይዙ፦ ስንት ረድፍ እንደወሰዱ፣ ስንት ድግግሞሽና ስንት የተሳሳተ አይኤስቢኤን እንዳገኙ፣ በምን ተራ እንዳጸዱ፣ ሌላ ሰው ሊደግመው በሚችልበት ዝርዝር። «ኮሃ እችላለሁ» ከሚለው አንድ መስመር ይህ ይበልጥ ያሳምናል።

በቃለ መጠይቅ ደግሞ «መብራት ቢጠፋ እንዴት ታውሳለህ?» የሚል ጥያቄ ይዘጋጁበት። መልሱ አራት ዓምድ ያለው ወረቀት ነው፦ ሰዓት፣ ውሰት ወይም መልስ፣ የአንባቢ ቁጥር፣ የመጽሐፍ ባርኮድ። ባርኮዱ በሙሉ ይጻፋል፣ የመጨረሻ አራት አሃዝ ብቻ አይደለም። ሲስተሙ ሲመለስ መልሶቹ ለብቻ፣ ውሰቶቹ ለብቻ ተለይተው አይገቡም፤ እንደ ሰዓታቸው ተራ በተራ ይገባሉ። በ4:10 ተመልሶ በ4:30 ለሌላ ሰው የተዋሰ መጽሐፍ ተራው ከተገለበጠ ሲስተሙ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይቆጥረዋል፤ መጽሐፉ ግን አንባቢው ቦርሳ ውስጥ ነው።